«ስምንት ዓመት ቤት ተቀምጬ አሁን ማን ይቀጥረኛል?»

«ውድ አዘጋጆች፣ ዕድሜዬ 39 ነው። በ2002 ዓ.ም. በአካውንቲንግ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ ከ2003 እስከ መጋቢት 2010 በአንድ አስመጪ ድርጅት ሠርቻለሁ፤ ጁኒየር ሆኜ ገብቼ ሲኒየር አካውንታንት ሆኜ ወጣሁ። ሁለተኛ ልጄን ስወልድ እናቴም ታመው ስለነበር ሥራዬን ለቀቅሁ። ለሁለት ዓመት ያልኩት ስምንት ሆነ። እናቴ ካረፉ ዓመት አልፏል፤ ልጆቼም 11 እና 8 ዓመት ሞልቷቸዋል። ካለፈው መስከረም ወዲህ ሰላሳ ለሚሆኑ ማስታወቂያዎች አመልክቼ የተጠራሁት ሁለቴ ብቻ ነው። አንዱ ጋ የጽሑፍ ፈተናውን ወደቅሁ፤ ሌላው ጋ ‹ስምንት ዓመት ምን ስትሠሪ ነበር?› ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ። የድሮ መሥሪያ ቤቴ ስሙንም ቦታውንም ቀይሯል፤ ስለቅ የሥራ ልምድ ወረቀት አልወሰድኩም። ባለቤቴ ‹ይቅርብሽ፣ ሱቅ እንክፈት› ይለኛል። የሰፈራችን የሴቶች እድር ገንዘብ ያዥ ከመሆኔ በቀር በእነዚህ ዓመታት የሠራሁት ነገር የለም። ከየት ልጀምር? ከጀሞ»

እህታችን፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ያሉት ሦስት ችግሮች ናቸው፤ አንቺ ግን እንደ አንድ ሸክም ተሸክመሻቸዋል። ሰላሳ ቦታ አመልክተሽ ሁለቴ መጠራትሽ የወረቀት ጉዳይ ነው። ፈተናው ላይ መውደቅሽ ዕውቀትሽ የ2010 ሆኖ ስለቀረ ነው። አፍሽ የተሳሰረው ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ሳይስተካከሉ ቃለ መጠይቅ ስለገባሽ ነው። ስለዚህ በዚሁ ቅደም ተከተል እንሂድ። ሱቁን በተመለከተ ሥራ ካማረሽ በሒሳብ ሥራሽ ላይ ሰባት ዓመት አለሽ፣ በሱቅ ላይ ግን ምንም፤ ቢያንስ እስከሚመጣው ጥቅምት ይቆይ።

ከወረቀቱ እንጀምር። የሰው ኃይል ክፍል ማመልከቻ ሲበዛበት መጀመሪያ ወደ ጎን የሚያስቀምጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ ያልተያያዘበትን ነው። ሲቪ ላይ የተጻፈ ሰባት ዓመት ያለ ማኅተም እንደ ዜሮ ዓመት ይቆጠራል። ወረቀቱን ሳትወስጂ መልቀቅሽ መብትሽን አላጠፋውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ይከፈል የነበረውን ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ አንቺ በሠራሽበት ዘመን የነበረው አዋጅ 377/1996ም ይህንኑ ይል ነበር። ድርጅቱ ስሙን መቀየሩ የሠራተኛ ማኅደርሽን አያስቀረውም።

በቃል አትጠይቂ። ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ጻፊ፤ አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተሽ በሌላው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር አስመቺበት። ውስጡ ሙሉ ስምሽ፣ የሥራ መደቦችሽ፣ የገባሽበትና የለቀቅሽበት ቀን፣ የመጨረሻ ደመወዝሽ ይኑር። የቅጥር ደብዳቤ ወይም አንድ የደመወዝ ወረቀት ካገኘሽ ኮፒውን አያይዢ፤ እነሱም ከጠፉ ደመወዝሽ ይገባበት ከነበረው ባንክ የዚያን ዘመን የሒሳብ መግለጫ መጠየቅ ትችያለሽ። ከሁሉም በላይ ብዙ አመልካች የሚረሳት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች፦ «የሥራ ግብር ሲከፈልልኝ የነበረ መሆኑ ተገልጾ እንዲጻፍልኝ»። ባንኮችና የመንግሥት ተቋማት ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑን ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ ያ ካልተጻፈ ማስረጃውን ይዘሽም ትመለሻለሽ።

በዚያው ሳምንት ወደ ግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ጎራ ብለሽ የጡረታ መዝገብሽን አሳዪ። የግል ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ 715/2003 የጀመረው በሐምሌ 2003 ነው፤ ስለዚህ ድርጅቱ በአግባቡ ከፍሎ ከነበረ እስከ መጋቢት 2010 ድረስ ስድስት ዓመት ከዘጠኝ ወር መዝገብ ላይ ሊኖርሽ ይገባል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ቢዘገይ እዚያ እንደሠራሽ የሚመሰክር ሁለተኛ ማስረጃ ነው። ሁለተኛ፣ ዕድሜሽ 60 ሲደርስ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር ብቻ ቀርቶሻል ማለት ነው። ያንን ሜዳ ላይ ጥለሽ መቅረት የለብሽም። የጎደሉ ወራት ካሉም ከድርጅቱ ጋር ለመነጋገር ጊዜው አሁን ነው።

የቀረውን ቶሎ እንለፈው። የፋይዳ ቁጥር ከሌለሽ አውጪ፤ የድሮው ቲን ቁጥርሽ እንደሚሠራ አረጋግጪ፣ አዲስ አታውጪ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከተማርሽ የወጪ መጋራት ማስረጃሽን ያዢ። ማስታወቂያ ላይ «የመውጫ ፈተና ያለፈ» የሚል ስታዪ አትደንግጪ፤ እሱ ከ2015 ወዲህ ለተመረቁት ነው። ለሒሳብ ሥራ ብዙ ቦታ ተያዥ ይጠይቃሉ። ደመወዝተኛ የሆነና ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሊያጽፍልሽ የሚችል ሰው ከአሁኑ አነጋግሪ፤ ፈተናውን አልፎ በተያዥ እጦት ቦታውን የሚያጣ ሰው ጥቂት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ቀጣሪን ከምንም በላይ የሚያሰጋው የድሮውን ሕግ በእርግጠኝነት የምትሠራ አካውንታንት ናት። የማያውቅ ሰው ይጠይቃል፤ በድሮው የለመደ ግን ሳይጠይቅ ይሠራና ቅጣቱ ድርጅቱ ላይ ይመጣል። ፈተናው ላይ የጣለሽም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በጣም የተለመደውን የፔይሮል ጥያቄ እንውሰድ፦ ጥቅል ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሠራተኛ የተጣራ ስንት ይደርሰዋል? አንቺ የምታውቂው የአዋጅ 979/2008 ሠንጠረዥ ነው፤ 600 ብር ነፃ፣ ከ10,900 በላይ 35 በመቶ፣ ተቀናሹ 1,500። በእሱ ስትሠሪው ግብሩ 5,500 ይመጣል፣ መልሱም ስሕተት ነው። በማሻሻያው አዋጅ 1395/2017 ነፃው 2,000 ብር ሆኗል፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ነው። ተቀናሾቹ በቅደም ተከተል 300፣ 500፣ 850፣ 1,350 እና 2,050 ናቸው። እንግዲህ 20,000 በ35 በመቶ 7,000፤ 2,050 ሲነሳለት 4,950 ብር ግብር። የሠራተኛው ጡረታ 7 በመቶ፣ 1,400 ብር። የተጣራው 13,650 ብር። የአሠሪው 11 በመቶ፣ ማለትም 2,200 ብር፣ ከሠራተኛው አይቆረጥም፤ በድርጅቱ ወጪ ይመዘገባል። ሠንጠረዡን በቃልሽ ያዢው፤ በአሥር የተለያዩ ደመወዞች እየሠራሽ እጅሽን አፍታቺ።

ሌሎቹም የዚያኑ ያህል ተለውጠዋል። ከአቅራቢ ክፍያ ላይ የምትቀንሺው ቅድመ ግብር 2 በመቶ የነበረው 3 ሆኗል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶነቱ ባይለወጥም የድሮው አዋጅ 285/1994 በአዋጅ 1341/2016 ተተክቷል፤ ነፃ የሆኑትና ያልሆኑት አገልግሎቶች ዝርዝር ስለተቀየረ አዲሱን አዋጅ ራሱን አንብቢ፣ ማጠቃለያ ላይ አትተማመኚ። ግብር ማስታወቅም በኤሌክትሮኒክ ሆኗል፤ በምትገቢበት ቀን ግብር ቢሮ ሰልፍ ለመያዝ የሚልክሽ አይኖርም፣ ሲስተሙን ታውቂዋለሽ ወይ ተብለሽ ነው የምትጠየቂው።

አይኤፍአርኤስ (ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች) ላይ ደግሞ ጊዜ ስጪ። አዋጅ 847/2006 ከወጣ በኋላ አንቺ ስትለቂ ሽግግሩ እየተጀመረ ነበር፤ አሁን የዕለት ሥራ ነው። ሁሉን ለማንበብ አትሞክሪ። አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሠራ ሰው የሚጠየቀው በአብዛኛው ከሦስት ቦታ ነው። አንዱ ኪራይ ነው፤ አይኤፍአርኤስ 16 ከጥር 2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ድርጅቱ ቢሮ ለአምስት ዓመት ተከራይቶ በየዓመቱ መጨረሻ 720,000 ብር ይከፍላል እንበል። አንቺ የለመድሽው 720,000ውን ወጪ አድርጎ ማለፍ ነው። አሁን በ15 በመቶ ወለድ የአምስቱ ዓመት ክፍያ የዛሬ ዋጋ ይሰላል፤ 2,413,552 ብር ገደማ ይመጣል። ይህ በአንድ በኩል የመጠቀም መብት ሀብት፣ በሌላ በኩል የኪራይ ዕዳ ሆኖ ይመዘገባል። በመጀመሪያው ዓመት እርጅናው 482,710፣ ወለዱ 362,033 ይሆናል፤ ድምሩ 844,743 ነው። የመጀመሪያው ዓመት ወጪ ከተከፈለው ኪራይ የበለጠው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ከቻልሽ ፈታኙ ስለ ስምንት ዓመቱ የሚጠይቅበት ምክንያት ይቀንሳል። ወለዱ ዕዳው ትልቅ በሆነበት በመጀመሪያው ዓመት ይከብዳል፣ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ መልሱ ይኸው ነው። ከ12 ወር ያልበለጠ ኪራይ ግን እንደ ድሮው ወጪ ሊደረግ ይችላል። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች በወጣው ደረጃ የሚሠሩትም የቢሮ ኪራይን እንደ ድሮው ነው የሚይዙት፤ ስለዚህ ከመፈተንሽ በፊት ድርጅቱ በየትኛው ደረጃ እንደሚዘግብ ጠይቂ።

ሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ ነው። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ100,000 ዶላር የአቅራቢ ዕዳ በ57 ብር ሲመዘገብ 5,700,000 ብር ነበር፤ በ100 ብር ሲተረጎም 10,000,000 ይሆናል፣ ልዩነቱ 4,300,000 ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ጎበዝ የሚለይበት ጥያቄ ይመጣል፦ ሰኔ 30 ቀን 2016 ሒሳቡን የዘጋ ድርጅት ይህን ኪሳራ በየትኛው ዓመት ያሳያል? ለውጡ የመጣው ዓመቱ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ የ2016ቱ ቁጥር አይነካም፤ በማብራሪያ ይገለጻል፣ ኪሳራው በ2017 በጀት ዓመት ይገባል። ሦስተኛው አይኤፍአርኤስ 9 ነው፤ ተበዳሪው መክፈል እስኪያቅተው ሳይጠበቅ የሚገመት ኪሳራ ከመጀመሪያው እንደሚያዝ ያዢ፤ ለጊዜው ያህል ይበቃሻል።

ለዚህ ሁሉ ስንት ጊዜ ያስፈልጋል? ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲውሉ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስምንት ሳምንት ብትቀመጪ 120 ሰዓት ነው። ሰላሳውን ለግብር፣ አርባውን ለአይኤፍአርኤስ፣ ሃምሳውን ለኤክሴልና ለሶፍትዌር ስጪ። ለኤክሴል ብዙ የሰጠነው በተግባር ፈተና ሰው የሚወድቀው በፍጥነት ስለሆነ ነው። ቪሉክአፕ፣ ሰሚፍስና ፒቮት ቴብል መጽሐፍ ሳታዪ መሥራት አለብሽ። አርባ ግብይት ያለው የባንክ ማስታረቂያ (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከሪያ) አዘጋጂና በ45 ደቂቃ እስክትጨርሺ ደጋግሚው። የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፒችትሪ ስሙ ሴጅ 50 ሆኗል፤ ማስታወቂያዎች አሁንም ፒችትሪ ነው የሚሉት፣ አሠራሩም እጅሽ ላይ ይመለሳል። ሰርተፍኬት ለመግዛት አትቸኩዪ። የአይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች ደረጃ ያዘጋጃቸው የመማሪያ ሞጁሎች በነፃ ይገኛሉ፤ ገንዘብ የምታወጪ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠሽ ለምትሠሪበት አጭር ሥልጠና አውጪ።

ሲቪሽ ሁለት ገጽ ይሁን። ከ2010 እስከ 2018 ያለውን ባዶ አትተዪው፣ በሐሰት ልምድም አትሙዪው፤ የጡረታ መዝገቡ ብቻ ያጋልጣል። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ከመጋቢት 2010 ጀምሮ፤ ልጆች ማሳደግና ወላጅ ማስታመም»። ከሥሩ ደግሞ «የሠራሁት ነገር የለም» ያልሽውን እድር ጻፊ። ይህን ስታልፊው በጣም አዝነናል። የሰው ገንዘብ ሰብስቦ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ ባንክ አስገብቶ፣ በጉባኤ ፊት ሒሳብ ማቅረብ ሥራ ነው። ግን በቁጥር ይጻፍ። አባላቱ 140፣ ወርኃዊው መዋጮ 100 ብር ቢሆን በዓመት 168,000 ብር በእጅሽ አልፏል ማለት ነው። የአባላቱን ብዛት፣ የዓመቱን ገቢ፣ ስንት ዓመት እንደያዝሽና ሒሳቡ ተመርምሮ እንደሆነ አስፍሪ። ከእድሩ ሰብሳቢ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አስጽፊ። የሲኒየር አካውንታንት ልምድ ነው ብለሽ ግን አታቅርቢው፤ ታማኝነትሽንና እጅሽ ከሒሳብ አለመራቁን ያሳያል፤ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ያቺ ጥያቄ እንግዲህ። ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃታል፦ ለምን ለቀቅሽ፣ አሁን ምን ተለወጠ፣ ለመመለስ ምን አደረግሽ። «ሁለተኛ ልጄን ስወልድ እናቴም ታመው ስለነበር ለቀቅሁ። አሁን ሁለቱም ልጆች ተማሪ ናቸው፣ ከትምህርት ቤት የሚቀበላቸው ሰው አዘጋጅቻለሁ። ባለፉት ሁለት ወራት አዲሱን የደመወዝ ግብር፣ አዲሱን የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅና አይኤፍአርኤስ 16ን ሠርቻለሁ፤ ብትፈልጉ አሁኑኑ ላሳያችሁ እችላለሁ።» ከዚያ ዝም በዪ። የሚጎዳው ከሦስተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ የሚቀጥለው ነው፤ ይቅርታ መጠየቅ፣ የሕመሙን ታሪክ መዘርዘር፣ «ብቻ ዕድሉን ስጡኝ» ማለት። ጮክ ብለሽ ሃያ ጊዜ ተለማመጂው፤ ባለቤትሽም ጠያቂ ይሁንልሽ።

የት ነው የምታመለክቺው? በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የዓመቱን ግብር እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃሉ። በእነዚያ አራት ወራት ድርጅቶችም የኦዲት ድርጅቶችም እጅ ያጥራቸዋል፤ ቆጠራ አለ፣ የተከማቸ ቫውቸር አለ፣ ያልታረቀ ባንክ አለ። ስለዚህ ከግንቦት መጀመሪያ ጀምሮ በአካል እየሄድሽ ለሒሳብ መዝጊያ የአራት ወር ኮንትራት ጠይቂ። በተለይ ሒሳብ የሚሠሩና ኦዲት የሚያደርጉ አነስተኛ ቢሮዎችን አትናቂ። ሲኒየር የሚለውን ለጊዜው ተዪው፣ «አካውንታንት» ለሚለው አመልክቺ፤ «ዜሮ ዓመት» ለሚለው ግን አትውረጂ። እዚያ ቀጣሪው ቶሎ ትለቂያለሽ ብሎ ይሠጋል፣ አንቺም በስድስት ወር ይከፋሻል። አለቃሽ በአሥር ዓመት ሊያንስሽ ይችላል፤ ልቡናሽን ከአሁኑ አዘጋጂው። ከአራት ወሩ በኋላ በእጅሽ የሚቀረው የ2018 እና የ2019 ቀን ያለበት የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው፤ ክፍተቱን ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ የሚዘጋው እሱ ነው። ለመመዝገቢያ፣ ለፎርም ወይም «ለማስገቢያ» ገንዘብ የሚጠይቅሽን ማንኛውንም ሰው እለፊው።

ደመወዝ ሲጠይቁሽ ከ2010 ደመወዝሽ ላይ እየጨመርሽ አታስቢ፤ የዚያን ጊዜ ብር ሌላ ነው። በዚያ መደብ ላይ አሁን ከሚሠሩ ሦስት ሰዎች ጠይቂና በእሱ ተነሺ። የሚሉሽ ጥቅል ይሁን የተጣራ አረጋግጪ፤ ከላይ እንዳየነው በ20,000 ላይ ልዩነቱ 6,350 ብር ነው። ከተጣራው ላይ ከጀሞ የትራንስፖርትሽን፣ የምሳሽንና ለልጆቹ የምትከፍይውን ቀንሰሽ የሚተርፈውን እዪ። ትንሽ ሆኖ ቢታይሽ እንኳን ለአራቱ ወራት ግቢበት፤ የምትገዢው ማስረጃውን ነው።

ቤት ውስጥ ሳይወሰን የሚቀር አንድ ነገር ብዙ ሰው ያስለቅቃል። ልጆቹ 9:30 ላይ ይለቀቃሉ፣ አንቺ 11:30 ላይ። ያንን ሁለት ሰዓት ማን ይሸፍነዋል? ልጅ ሲያመው ከሥራ የሚቀረው ማን ነው? ከባለቤትሽ ጋር በስም ተነጋገሩ፤ ሞግዚት ካስፈለገ ከመግባትሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀድማ ትጀምር። መዝጊያ ሰሞን ማምሸት ይኖራል፤ ሕጉ የትርፍ ሰዓት ሥራን በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል።

ስትገቢ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ አሠሪው ብቁ አይደለችም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሳምንት የሚከብደው። ምናልባት የድሮው መሥሪያ ቤትሽ ለያዝሽው ሥራ ራሱ መልሶ ከቀጠረሽ ግን የሙከራ ጊዜ የለም፤ ወረቀቱን ልትጠይቂ ስትሄጂ ክፍት ቦታ ካላቸው ጠይቂ። የትም ግቢ የትም፣ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነገር ለምኚ፦ ያለፈውን ወር ትራያል ባላንስ፣ የመጨረሻውን የባንክ ማስታረቂያና ያለፉትን ሦስት ወራት የግብር ማስታወቂያዎች። ከባንክ ማስታረቂያው ጀምሪ፤ የተረሳ ቼክና ያልተመዘገበ የባንክ ክፍያ የሚገኘው እዚያ ነው፣ የቢሮውን አሠራርም ሳትጠይቂ ታይበታለሽ። የድሮ ቅጾችሽን ከፍላሽ አውጥተሽ አትጠቀሚ፤ ውስጣቸው 1,500ና 2 በመቶ ተቀብረውባቸዋል። የማታውቂውን በሁለተኛው ቀን መጠየቅ አያሳፍርም፤ በሃምሳኛው ቀን ግን ያሳጣል።

ለድሮው መሥሪያ ቤትሽ የሚሄደውን ማመልከቻ ዛሬ ማታ ጻፊው። የእድሩን ደብዳቤ ደግሞ በወሩ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢዋ ማኅተሙን ይዘው ሲመጡ ጠይቂ።